የፌስቡክና የቴሌግራም ፖስቶቻችሁን በድረ ገጻችሁ ላይ በቀጥታ ማሳየት

ሞያሌ ላይ ሰንጋ የሚነግድ አንድ የማውቀው ሰው ከናይሮቢ ገዢ መጣበት። ገዢው ስልኩን አውጥቶ ከነጋዴው ድረ ገጽ ላይ ያነሳውን ምስል አሳየው፦ 60 ሰንጋ፣ ዋጋውም ከሥሩ ተጽፏል። ያ ዋጋ ግን የወር ዕድሜ ነበረው። ነጋዴው አዲሱን ዋጋ በፌስቡክ ገጹ ላይ አውጥቷል። ድረ ገጹ ከፌስቡክ ገጹ ጋር የነበረው ግንኙነት ስለተቋረጠ የድሮዎቹን ፖስቶች ይዞ ቆሟል። ለካ ነጋዴው በመሀል የይለፍ ቃሉን ቀይሮ ኖሯል፤ ይህን ሲያደርግ ግንኙነቱ እንደሚቋረጥ የነገረው ሰው የለም። ገዢው «ጠርቶ አታለለኝ» አለ፣ ሽማግሌ ገባ፣ በመጨረሻ የዋጋውን ልዩነት እኩል ተካፍለው ተለያዩ። ነጋዴው ከገንዘቡ ይልቅ የከነከነው ስሙ ነው።

ድረ ገጹን ሲያሠራ ካማከሩት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ ጥፋቱ ከእኔም ይደርሳል። ይህን ትምህርት የጻፍኩት ያኔ ልነግረው ይገባ የነበረውን ለእናንተ ለመንገር ነው።

ነገሩ ምንድን ነው?

በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም የምታወጡት ፖስት እንደገና ሳትጽፉት በድረ ገጻችሁ ላይ ራሱ ይታያል፤ ፈረንጆቹ ይህን ፊድ ይሉታል። (በእኛ ሙያ ፊድ መኖ ነው፤ የመጀመሪያ ጊዜ ሲነገረኝ ድረ ገጽ ላይ መኖ የሚሸጥ መስሎኝ ነበር።) ጥቅሙ ግልጽ ነው። አብዛኞቻችሁ ድረ ገጽ ያሠራችሁት ለባንክ፣ ለንግድ ፈቃድ ወይም ለውጭ ገዢ ለማሳየት ነው። ከተሠራ ወዲህ የነካው ሰው የለም። የዕለት ሥራችሁ ግን ስልካችሁ ላይ ነው። ሁለቱን ማገናኘት ድረ ገጹን ያለ ተጨማሪ ሠራተኛ ሕያው ያደርገዋል።

ለማያውቃችሁ ገዢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጅዳ ወይም ናይሮቢ የተቀመጠ ሰው ከእናንተ ጋር ከመነጋገሩ በፊት «ይህ ሰው ዛሬም ይሠራል?» ብሎ ይጠይቃል። ትናንት የወጣ የበጎች ፎቶ መልሱን ይሰጠዋል። ገዢ ቶሎ መገኘቱ ደግሞ በገንዘብ የሚለካ ነው። 300 ኪሎ የሚመዝን ሰንጋ በቀን የክብደቱን 2.5 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል፤ 7.5 ኪሎ ማለት ነው። 60 ሰንጋ አንድ ቀን ሳይሸጥ ባደረ ቁጥር 450 ኪሎ መኖ ይወጣል። ውኃውን፣ ጠባቂውንና የቦታውን ኪራይ ጨምሩበት። ሁለት ቀን ቀድሞ የደወለ ገዢ የድረ ገጹን ዓመታዊ ክፍያ ሊሸፍን ይችላል።

ከየትኛው አካውንት?

ፌስቡክ ላይ የግል አካውንትና የንግድ ገጽ የተለያዩ ናቸው። ወደ ድረ ገጽ በቀጥታ መግባት የሚችለው የንግድ ገጹ ነው፤ ገጹም በአገር ወይም በዕድሜ ያልተገደበ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ይታያል። ብዙ ነጋዴዎች የሚነግዱት በግል አካውንታቸው ስለሆነ መጀመሪያ ገጽ መክፈት ያስፈልጋቸዋል።

ይህን እንደ ጣጣ አትዩት። የንግድ ገጽ ከግል አካውንት መለየቱ ይጠብቃችኋል። ፊድ አይመርጥም፤ የለጠፋችሁትን ሁሉ ያሳያል። የወንድም ሠርግ ፎቶ ቢወጣ ጉዳት የለውም። ስለ ፖለቲካ ወይም ስለ ጎሳ ግጭት ሌላ ሰው የጻፈውን ሼር ስታደርጉ ግን ያ ጽሑፍ በድርጅታችሁ ስም፣ ከንግድ ፈቃዳችሁ ጎን ይወጣል። በድንበር የሚነግድ ሰው ደንበኛው ከሁለቱም ወገን ነው።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ክፈቱ፤ ቻናሉም ሕዝባዊ ይሁን። ሕዝባዊ ቻናልን ቴሌግራም የሌለው ሰውም በብራውዘር ሊያነበው ይችላል፤ የግል ቻናልን አይችልም። ዋትስአፕን በተመለከተ፣ ከሶማሌና ከዓረብ ገዢዎች ጋር ያለው ንግድ አብዛኛው እዚያ እንደሚያልቅ አውቃለሁ፤ የዋትስአፕ ግሩፕ ግን ድረ ገጽ ላይ አይገባም። ለእሱ የሚሆነው ሲነካ ከእናንተ ጋር በቀጥታ ውይይት የሚከፍት ሊንክ ማስቀመጥ ነው።

እንዴት ይገጠማል?

ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ፌስቡክ ራሱ ለገጾች በነጻ የሚሰጠው የመክተቻ ኮድ ነው። የገጹን አድራሻ ትሰጡታላችሁ፣ ስፋቱን ትመርጣላችሁ (ከ180 እስከ 500 ፒክስል ይቀበላል)፣ ኮዱን ገልብጣችሁ ለድረ ገጹ ባለሙያ ትሰጡታላችሁ። ገዢዎቻችሁ በስልክ ስለሚያዩት ጠበብ ያለውን ምረጡ። ሁለተኛው፣ ድረ ገጻችሁ በዎርድፕረስ የተሠራ ከሆነ፣ ፕለጊን የሚባለውን ተጨማሪ ፕሮግራም መጫን ነው። መልኩ ያምራል፤ ነገር ግን ፕለጊኑ በእናንተ አካውንት ፈቃድ ነው የሚሠራው። ፈቃዱ ጊዜው ሲያልፍ ወይም የይለፍ ቃል ሲቀየር ይቋረጣል፣ ያስቀመጠውን የድሮ ፖስትም ማሳየቱን ሊቀጥል ይችላል። የሞያሌው ወዳጄ የተያዘው በዚህ ነው። ሦስተኛው በቴሌግራም አንድ ፖስት መርጦ መክተት ነው። ይህኛው በራሱ አይታደስም፤ ግን ለአንድ ጠቃሚ ማስታወቂያ፣ ለምሳሌ ለዓረፋ በጎች፣ ይበቃል።

እኔን ብትጠይቁኝ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። የሚያስከፍል ነገር የለውም፣ ከአካውንታችሁ ፈቃድም አይፈልግም፣ ስለዚህ የሚበላሽበት ምክንያት ያንሳል።

የትኛውንም ብትመርጡ ፊዱን ከገጹ አናት ላይ አታድርጉት። ከላይ መኖር ያለበት ማን እንደሆናችሁ፣ ምን ዓይነት እንስሳ እንደምትሸጡ፣ ከየት ከተማ እንደምትጭኑና ስልክ ቁጥራችሁ ነው። ፊዱ ከሥር ይሁን፤ ባለሙያው መቁጠር ከቻለም የመጨረሻዎቹ ሦስት ፖስቶች ብቻ ይታዩ። ቪዲዮ ያለበት ፊድ የገዢውን ኢንተርኔት ይበላል፤ ጠረፍ ላይ ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት ገጹ ሳይከፈት ሰውየው ይተወዋል። ባለሙያው በቢሮው ዋይፋይ ከፍቶ «ይኸው፣ ይሠራል» ቢላችሁ አትቀበሉት። ርካሽ ስልክ ይዛችሁ፣ የሞባይል ዳታ ከፍታችሁ፣ ከገበያው መሀል ሞክሩት።

መስመሩ ሲዘጋ

ይህ በእኛ አካባቢ የተለመደ ነው። በኢትዮጵያ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2023 እስከ ሐምሌ 2023 ድረስ ለአምስት ወር ያህል ተገድበው ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የሶማሊያ መንግሥት ቲክቶክና ቴሌግራም እንዲዘጉ ትእዛዝ አወጣ። ኬንያም በፈተና ሰሞን ቴሌግራምን የገደበችበት ጊዜ አለ። ስለዚህ እናንተ ጅግጅጋ ሆናችሁ በደንብ የሚታያችሁ ፊድ በርበራ ላለው ገዢ ባዶ ሳጥን ሊሆን ይችላል፤ ሁለታችሁም ምክንያቱን አታውቁም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከፊዱ በላይ ባለሙያው አንድ ተራ የጽሑፍ ቦታ ያዘጋጅላችሁ፦ «ከዚህ በታች ምንም ካልታያችሁ በዚህ ቁጥር ደውሉ»። ጽሑፉ የድረ ገጹ አካል እንጂ ከፌስቡክ የሚመጣ ስላልሆነ ፌስቡክ ቢዘጋም ይታያል። አማርኛ ብቻ አታድርጉት፤ ሶማልኛና ዓረብኛ፣ ወደ ደቡብ ለምትሸጡ ደግሞ ስዋሂሊ ጨምሩበት። ወር በገባ ቁጥርም ከድንበር ማዶ ያለ አንድ ደንበኛ ገጹን ከፍቶ ምን እንደሚያይ ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት።

ቀንና ሰዓት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ክርክር የሚነሳው ከዚህ ነው። ፌስቡክ በፖስቱ ላይ ራሱ የሚጽፈው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ እናንተ ውስጡ የምትጽፉት ደግሞ በእኛ። «በ12/9 ይጫናል» ብላችሁ ብትጽፉ ግንቦት 12 ማለታችሁ ነው፤ በፈረንጅ ሜይ 20። ገዢው ግን ሴፕቴምበር 12 ወይም ዲሴምበር 9 ብሎ ያነበዋል። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ያላችሁትን ስዋሂሊ ተናጋሪው ሊረዳችሁ ይችላል፣ እሱም እንደ እኛ ይቆጥራልና። ለዓረቡ ግን ሌሊት ነው። በመተማ በኩል የምትሠሩ ደግሞ ሱዳን ከ2017 ወዲህ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ እንደሆነች፣ ኤምሬትስ በአንድ ሰዓት ወደ ፊት እንደሆነች አትርሱ።

ስለዚህ የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፣ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን አድርጉ። ዋጋ ካወጣችሁ «ይህ ዋጋ እስከዚህ ቀን ይጸናል» የሚል መስመር ይኑረው። ይህች አንድ መስመር ብትኖር ኖሮ በሞያሌው ነገር ሽማግሌ ባላስፈለገ። ዓረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ስለሚል ደግሞ ያለፈው ዓመት የዓረፋ ፖስት ተገልብጦ አይለጠፍም።

ምን ይለጠፍ፣ ምን ይቅር?

ጥሩ ፖስት የእንስሳውን ዓይነትና ዝርያ፣ ጾታ፣ ዕድሜ በጥርስ፣ ብዛት፣ ክብደት ከስንት እስከ ስንት፣ ያለበትን ከተማና ዋጋው የሚጸናበትን ቀን ይይዛል። ከጎን የተነሳ፣ ወገቡንና ጭኑን የሚያሳይ አንድ ፎቶ ከአሥር የመንጋ ፎቶ ይሻላል። ያወቀ ገዢ ሥጋውን ከዚያ ያነባል።

የመኪና መነሻ ሰዓትና መንገድ አታውጡ። የእንስሳት ጤና ሰርተፊኬታችሁን ሙሉ ፎቶም አታውጡ፤ ማኅተሙና ቁጥሩ ተገልብጦ ሌላ ሰው በሌላ መንጋ ላይ ሊጠቀምበት ይችላል። ሰርተፊኬት መኖሩን በጽሑፍ ግለጹ፣ ሰነዱን ለተስማማ ገዢ ለብቻው ላኩ። ፎቶዎቻችሁ ላይ የድርጅታችሁን ስም በጉልህ ጻፉ። በሰው መንጋ ፎቶ ቀብድ የሚሰበስቡ እንዳሉ ታውቃላችሁ።

የመጨረሻው የበሽታ ወሬ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ2000 ከአፍሪካ ቀንድ ቁም እንስሳት እንዳይገቡ አግዳ ነበር፤ ሁለተኛው እገዳ ከሶማሊያ በኩል ለሚጫኑት የተነሳው በ2009 ነው። በዚያን ጊዜ በበርበራ መስመር የነገደ ሰው እገዳ ምን እንደሚያደርግ አይረሳም። ዛሬ በደላላ ግሩፕ ውስጥ «እዚህ ቦታ በግ እያስወረደ ነው» የሚል ድምፅ ሲመጣ ወደ ቻናላችሁ አታስተላልፉት። ከቻናሉ ወደ ድረ ገጹ ይገባል፣ ከዚያ ገዢው ምስሉን ያነሳዋል፤ ከሰዓት በኋላ ብታጠፉትም የተነሳው ምስል አይጠፋም። በሽታ መከሰቱን በይፋ ለዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የሚያሳውቀው የየአገሩ የእንስሳት ጤና ባለሥልጣን ነው።

ይህ ማለት ግን ደብቁ ማለት አይደለም። በራሳችሁ መንጋ ውስጥ ውርጃ ወይም ትኩሳት ካያችሁ ጭነቱን አቁሙ፣ እንስሳቱን ለዩ፣ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም በዚያው ቀን ደውሉ። ያስወረደችውን በባዶ እጃችሁ አትንኩ፤ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ወደ ሰው ይተላለፋል። ቀብድ የከፈለ ገዢ ካላችሁም በስልክ ራሳችሁ ንገሩት። ፊዱ ላይ በዚያ ቀን የሚወጣው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ጭነት ለጊዜው ቆሟል፣ እባካችሁ ደውሉ።»