ስለ ከተማ መጓጓዣ ኤኮኖሚና ስለ ሠራተኞቹ ኑሮ



በየቀኑ የምንጠቀምበት፣ በየቀኑም የምንማረርበት ነገር ቢኖር የከተማችን መጓጓዣ ነው። ጧት ትምህርት እንዳያልፈን በመገናኛ ወይም በሜክሲኮ ሰልፍ ይዘን ስንቆም፣ ማታም ከቤተ መጻሕፍት ወጥተን ዝናብ እየመታን ስንጠብቅ፣ ንዴታችንን የምናወርደው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰው ላይ ነው፤ እርሱም በሚኒባሱ በር ላይ የቆመው ረዳት ነው። ትርፍ ሲጭን እንሰድበዋለን፤ መንገዱን ሲያቆራርጥ እንረግመዋለን፤ «ዝርዝር የለም» ሲለን ሌባ እንለዋለን። ቁጣችን ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ኤኮኖሚክስ እንማራለን የምንል ሰዎች ከቁጣው አልፈን «ይህ ሰው ለምን እንዲህ ያደርጋል?» ብለን ካልጠየቅን፣ የምንማረው ለፈተና ብቻ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የመጓጓዣውን ሂሳብ ከሥር ጀምረን እንመርምር።

1ኛ. የሁለት ሰዓት ችግር

ጤፍ ነጋዴ ዛሬ ያልሸጠውን ጤፍ ነገ ይሸጠዋል። የአውቶቡስ ወንበር ግን እንደዚህ አይደለም፤ ባዶውን ሄዶ ከሆነ ያ ወንበር ለዘለዓለም ጠፍቷል። ማከማቸት የማይቻል ሸቀጥ ነው። የሚፈለግበትም ጊዜ በቀን ውስጥ እኩል አይደለም። ጧት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ማታም ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ በቀኑ መካከል ግን አውቶቡሱ ግማሹን እንኳ ሳይሞላ ይመላለሳል። በዚህም ላይ በጧት ሰዓት ሕዝቡ ወደ መሐል ከተማ ስለሚጎርፍ፣ ሞልቶ የገባው መኪና ሲመለስ ባዶ ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው።

እንግዲህ አንድ ድርጅት የጧቱን ሰልፍ በሙሉ ለማንሣት የሚበቃ አውቶቡስ ይግዛ ቢባል፣ ከአውቶቡሶቹ ብዙዎቹ በቀን አራት ሰዓት ያህል ብቻ ሠርተው ይቆማሉ፤ የተገዙበት ገንዘብ፣ የጋራዡ ወጪና የሹፌሩ ደመወዝ ግን አይቆምም። ለቀኑ መካከል የሚበቃውን ብቻ ይግዛ ቢባል ደግሞ ጧትና ማታ እኛ ሰልፍ ላይ እንቀራለን። ይህ ችግር በየትም አገር ያለ ነው። ልዩነቱ ኪሳራውን ማን ይሸከማል የሚለው ነው።

2ኛ. ሁለቱ አሠራሮች

በአዲስ አበባ የሕዝብ አውቶቡስ የተጀመረው በ1935 ዓ.ም. ነው። ኋላም ሥራው የንጉሣውያን ቤተ ሰብ ድርሻ ባለበት የአክሲዮን ኩባንያ እጅ ገባ። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ግን ወደ መንግሥት ተዛወረ። ሕዝቡ «አንበሳ» እያለ የሚያውቀው ይኸው ነው። በዚህ አሠራር ሹፌሩና ትኬት ቆራጩ የወር ደመወዝ አላቸው። አውቶቡሱ ቢሞላም ባይሞላም ደመወዙ ያው ነው። የትኬቱ ዋጋ ከወጪው በታች እንዲሆን ስለሚደረግ፣ ጉድለቱን የሚሸፍነው መንግሥት፣ ማለትም ግብር የሚከፍለው ሕዝብ ነው።

ሁለተኛው አሠራር የታክሲው ነው። አባቶቻችን ከሚያስታውሷቸው ከትናንሾቹ ሴቼንቶዎችና ከውይይት ታክሲዎች ጀምሮ እስከ ዛሬው ባለ 12 ሰው ሚኒባስ ድረስ ሥራው የግል ነው፤ ታሪፉን የሚወስነው ግን መንግሥት ነው። መኪናው የሌላ ሰው በሆነ ጊዜ፣ ሹፌሩ በየቀኑ የተወሰነ ገቢ ለባለቤቱ ያስገባል። ነዳጁንም ይቀዳል። የቀረውን ከረዳቱ ጋር ይካፈላል። በዚህ አሠራር ባለቤቱ የሚያገኘው ገቢ የተቆረጠ ነው፤ ተሳፋሪው የሚከፍለው ታሪፍ የተቆረጠ ነው፤ ያልተቆረጠ ነገር ቢኖር የሹፌሩና የረዳቱ ድርሻ ብቻ ነው።

3ኛ. የአንድ ቀን ሂሳብ

ነገሩ በቁጥር ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲቀሉ እኛው የመረጥናቸው ናቸው እንጂ እውነተኛው ታሪፍ አይደሉም።

አንድ ሚኒባስ 12 ሰው ይጭናል፤ ታሪፉ 10 ብር ነው እንበል። በሰልፍ ሰዓት አራት ጊዜ ደርሶ ይመለሳል፤ ሲሄድ በየጊዜው 12 ሰው፣ ሲመለስ 4 ሰው ይዞ ነው። ይህ 64 ተሳፋሪ ይሆናል። በቀሩት ሰዓቶች 12 ጉዞ ያደርጋል፤ በእያንዳንዱም 7 ሰው ቢያገኝ 84 ይሆናል። በድምሩ 148 ተሳፋሪ፣ 1,480 ብር።

ከዚህ ውስጥ ለባለቤቱ 700 ብር፣ ለነዳጅ 450 ብር፣ ለተራ፣ ለእጥበትና ለልዩ ልዩ ወጪ 80 ብር ይወጣል፤ ድምሩ 1,230 ብር ነው። የሚተርፈው 250 ብር ነው፤ እርሱም ለሁለት ሰዎች።

አሁን ይህን ሂሳብ ገልብጠን እንየው። ከ148ቱ ተሳፋሪዎች የመጀመሪያዎቹ 123 የባለቤቱ፣ የነዳጁና የወጪው ናቸው። ሹፌሩና ረዳቱ ለራሳቸው መሥራት የሚጀምሩት በ124ኛው ሰው ላይ ነው። የቀን እንጀራቸው የመጨረሻዎቹ 25 ሰዎች ናቸው። በጧቱ ሰልፍ መካከል ጎማ ፈንድቶ አንድ ምልልስ ቢቀርባቸው 160 ብር ያጣሉ፤ ለሁለቱ የሚቀረው 90 ብር ብቻ ይሆናል። በአንጻሩ በአራቱ ሙሉ ጉዞዎች ላይ ሦስት ሦስት ሰው ትርፍ ቢጭኑ 120 ብር ይጨምራሉ፤ ድርሻቸው ከ250 ወደ 370 ብር፣ ማለት በግማሽ ያህል ያድጋል።

እንግዲህ «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚለው ድምፅ ከየት እንደ መጣ ከዚህ ላይ ይታያል። ትርፍ መጫን አደጋ ነው፤ መንገድ አቆራርጦ ሁለት ጊዜ ማስከፈልም በድኻው ላይ የሚፈጸም በደል ነው። እኛም ልክ ነው አንልም። የምንለው፣ ይህን የሚያደርገው ሰው ከእኛ የባሰ ጠባይ ስላለው ሳይሆን፣ ሂሳቡ ሁሉ በእርሱ ጫንቃ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ስለ ተሠራ ነው።

4ኛ. የረዳቱ ውሎ

ረዳቱ ከቤቱ የሚወጣው ገና ሳይነጋ ነው። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆሞ፣ አንገቱን አውጥቶ የሰፈር ስም ሲጠራ ይውላል። ሂሳብ ይሰበስባል፤ መልስ ይመልሳል፤ «ወራጅ አለ» ሲባል ያስወርዳል፤ ከተራ አስከባሪ ጋር ይከራከራል። ማታ ድምፁ ተዘግቶ ይገባል። የቀጠረው ሹፌሩ ነው፤ ውሉ የቃል ነው፤ ነገ «አትምጣ» ቢባል የሚከስሰው የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይወስናል። ይህን አንቀጽ በክፍል ውስጥ እናነበዋለን፤ ማታ በሦስት ሰዓት ወደ ቤታችን የሚያደርሰን ረዳት ግን በስንት ሰዓት ሥራ እንደ ጀመረ ጠይቀነው አናውቅም።

5ኛ. ከታሪክ የምንማረው

የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር መጀመሪያ የሚመታው ይኸው የመጨረሻው ድርሻ ነው። በ1966 ዓ.ም. የዓለም የነዳጅ ዋጋ በመናሩ የቤንዚን ዋጋ በአገራችን 50 በመቶ ያህል ሲጨመር፣ የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ባለ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ። መምህራንም በዚያው ቀን አድማ መቱ። ተማሪዎችና የከተማው ወጣቶች ወጥተው በአውቶቡሶች ላይ ድንጋይ ወረወሩ። የካቲት 16 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ የቤንዚኑ ዋጋ እንዲቀነስ መወሰኑን አስታወቁ። የዚያ ዓመት ፍጻሜ የታወቀ ነው። ዙፋን ያነቃነቀው ማዕበል ሲነሣ ከፊት ከተሰለፉት መካከል፣ ዛሬ በር ላይ የምንሰድባቸው ሰዎች የሥራ አባቶች ነበሩ።

በእኛም ዘመን ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ቀስ በቀስ እንዲነሣ ሲወሰን፣ የሕዝብ ማመላለሻዎች ተለይተው ድጎማ እንዲያገኙ ታቅዶ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ጎማው፣ መለዋወጫው፣ መኪናው ራሱ ከውጭ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ነዳጅ ቢደጎም እንኳ የቀረው ወጪ ከፍ ማለቱ አይቀርም። ታሪፉ ወዲያው ካልተከተለ፣ ልዩነቱ የሚወጣው ከነዚያ 25 ሰዎች ላይ ነው።

6ኛ. ምን ይበጃል?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ የአውቶቡስ ሹፌሮች የሚከፈላቸው በጫኑት ሰው ቁጥር ስለ ነበር፣ ለአንድ ተሳፋሪ በመንገድ ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር፤ ሕዝቡም ነገሩን «የሳንቲም ጦርነት» ብሎ ሰየመው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. በተጀመረው አዲስ አሠራር ግን ለአውቶቡስ ኩባንያዎቹ የሚከፈለው በዋናነት በተጓዙት ኪሎ ሜትር ሆነ፤ ሹፌሩም ደመወዝተኛ ሆነ። መጨናነቁ ፈጽሞ አልቀረም፤ በእነዚያ መስመሮች ላይ ግን ሹፌሩ ለእንጀራው ሲል የሚሽቀዳደምበት ምክንያት ቀረ።

ደመወዝም የራሱ ጉድለት እንዳለው አንሰውርም፤ ተቆጣጣሪ ከሌለ ደመወዝተኛው ሹፌር ፌርማታ ላይ የቆመውን ሰው ትቶ ለማለፍ አይቸገርም። ስለዚህ አስተያየታችን ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ የታክሲ ማኅበራት የየመስመሩን ገቢ በአንድ ሣጥን ሰብስበው ለሹፌርና ለረዳት የተወሰነ የቀን ክፍያ የሚሰጡበት አሠራር በጥቂት መስመሮች ይሞከር። ሁለተኛ፣ ለረዳቶች የጽሑፍ ውል ይሰጣቸው። ሦስተኛ፣ ታሪፍ ሲወሰን የነዳጅና የመለዋወጫ ሂሳብ ለሕዝብ ይገለጽ፤ ሕዝቡ መክፈል በማይችልበት ቦታ ጉድለቱ ከመንግሥት ይሸፈን እንጂ ከረዳቱ ኪስ አይውጣ።

እኛስ? ነገ ጧት ታክሲ ስንገባ ትርፍ ሰው ሲጫን መቃወም መብታችን ነው፤ እንቃወም። ስንቃወም ግን ሰውየውን ሳይሆን አሠራሩን እንቃወም። ዕድሜው ከእኛ ዕድሜ የማይበልጠው፣ እኛ ክፍል ስንገባ እርሱ በር ላይ የሚቆመው ወጣት ወንድማችን ነው። ወንድም ደግሞ አይሰደብም፤ ይጠየቃል፤ ይደመጣል።

በመጨረሻም አንባቢዎች በየክፍላቸው እንዲወያዩበት አንድ ጥያቄ እንተዋለን፦ ከላይ ባለው ምሳሌ ታሪፉ ከ10 ወደ 12 ብር ከፍ ቢልና ባለቤቱም የቀን ገቢውን ከ700 ወደ 1,000 ብር ቢያሳድግ፣ ለሹፌሩና ለረዳቱ ምን ይቀራል? ስሌቱን የሠራ ሰው፣ የታሪፍ ጭማሪ ብቻውን ለምን መፍትሔ እንደማይሆን ያለ አስተማሪ ይረዳዋል።