የወንዝን ዕድፍ በሒሳብ ስለ መገመት

በክረምት ወራት ከደባርቅና ከዳባት ተዳፋት እርሻዎች የሚወርደው ውኃ ድፍርስ መሆኑን ሁላችንም እናያለን። ነገር ግን የሚሄደው አፈር ብቻ አይደለም። ገበሬው በብዙ ድካም ገዝቶ የበተነው ማዳበሪያም አብሮ ይሄዳል። ከማዳበሪያው ፎስፈረሱ በአብዛኛው ከአፈሩ ቅንጣት ጋራ ተጣብቆ፥ ናይትሮጅኑ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በውኃ ሟሙቶ ይጓዛል። ለማሳ ምግብ የነበረው ለወንዝ ዕድፍ ይሆናል፤ ሐይቅ ሲገባም አረምን ይመግባል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ የታየው እንቦጭ እንዲህ ባለው ምግብ ይፋፋል።

ጉዳቱን ለመከላከል ከየትኛው ማሳ ምን ያህል እንደሚታጠብ ማወቅ ያሻል። በየማሳው መለኪያ ማቆም ስለማይቻል ሊቃውንት ሒሳብን ረዳት አደረጉ። በስሜን ተራሮች የአፈርን መታጠብ ያጠኑት ስዊሳዊው ሃንስ ሁርኒ፥ በአሜሪካ የተገኘውን ቀመር እ.ኤ.አ. በ1985 ለኢትዮጵያ እንዲስማማ አድርገው አዘጋጁት። ቀመሩ ስድስት ነገሮችን ያባዛል፤ እነርሱም የዝናብ ኀይል፥ የአፈር በቀላሉ መታጠብ፥ የተዳፋት ርዝመት፥ የተዳፋት ቁልቁለት፥ የመሬት ሽፋንና የእርሻ አያያዝ ናቸው። ማባዛት ስለ ሆነም ከስድስቱ አንዱ በግማሽ ቢቀንስ የሚታጠበው አፈር በግማሽ ይቀንሳል። የእርከን ጥቅም ከዚህ ይታወቃል።

ከዚህ የሰፋውን ስሌት የሚሠራው ስዋት የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ጄፍ አርኖልድ ከባልደረቦቻቸው ጋራ በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር የምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዘጋጁት፤ በነጻም ይገኛል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያ ተፋሰሱን በየገባሩ ይከፍላል። ሁለተኛ፥ አፈሩ፥ ተዳፋቱና አዝመራው የተመሳሰለውን መሬት በአንድ ይመድባል። ሦስተኛ፥ የየቀኑን ዝናብና ሙቀት ተቀብሎ ምን ያህል ውኃ፥ አፈርና ማዳበሪያ ወደ ወንዝ እንደሚወርድ ያሰላል። «ዳገቱ እርከን ቢሠራለት፥ የወንዙ ዳር ለሣር ቢተውለትስ?» ብንለው አንድ ድንጋይ ሳናነሣ ግምቱን ይሰጠናል። በግልገል ዓባይ፥ በጉማራ፥ በርብና በመገጭ የተደረገው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል።

ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ የተወለደው በሌላ አገር መሬት ነው። በደጋችን ጎርፍ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ዝናቡ ስለ በረታ ብቻ ሳይሆን ታችኛው መሬት ውኃ ጠግቦ ስለሚተርፈው መሆኑን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ስለዚህ ግምቱ በወንዙ ላይ ከተለካው ውኃና ደለል ጋራ ሳይመዛዘን ሊታመን አይገባም።

እንግዲህ የስሜን ጅረቶች ወደ ተከዜ፥ እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ ተፈጸመው ግድብም ደለላቸውን ይዘው ይወርዳሉ። እኛ ተማሪዎች ዝናቡን በየቀኑ ለክተን ብንመዘግብ፥ የወንዙንም ውኃ በጠርሙስ ቀድተን ደለሉን ብናዘቅጥና ብንመዝን፥ ለዚህ ሒሳብ የጎደለውን ቍጥር ከገዛ አገራችን እናቀርባለን። ኮምፒዩተር ያሰላል፤ መለካቱ ግን የሰው ፈንታ ነው።