የፍሬን ሸራና የዋስትና ወረቀት

መኪና የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው፤ ፍሬኑ ትዝ የሚለው ግን ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ፍሬን እንዴት እንደሚያልቅ፥ ወጪው ለምን እንደሚበዛና ዋስትና ምን ያህል እንደሚረዳ ባጭሩ እንመለከታለን።

ፍሬን መኪናን የሚያቆመው እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬኑ ዘይት ግፊቱን ያደርሳል፤ ሸራውም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ወይም ታምቡር አጥብቆ ይይዛል። በዚህ ፍትጊያ ሸራው ጥቂት በጥቂት ይበላል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጠውን ማቆም በ40 የሚሄደውን ከማቆም በአራት እጥፍ ይከብዳል።

ለበዓል ወደ ጎጃም የምንሄድ ተማሪዎች ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ እናውቀዋለን። ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር ይበልጣል። የነፋሱንና የጎማውን ፍትጊያ ትተን ብናሰላው፥ 1500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1000 ሜትር በፍሬን ብቻ ቢወርድ የሚወጣው ሙቀት ከ40 ሊትር በላይ ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ያፈላል። የተሳፋሪ አውቶቡስ ክብደት ደግሞ የዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ሙቀቱ ሲበዛ ሸራው መያዙን ይቀንሳል፤ ሰንብቶ እርጥበት የጠጣ የፍሬን ዘይትም ሊፈላና ፔዳሉ ባዶውን ሊወርድ ይችላል። አዋቂ ሾፌር ገና ከአፋፉ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝለት የሚያደርገው ስለዚህ ነው።

ወደ ወጪው እንለፍ። የአዲስ ዲስክ ፍሬን ሸራ ውፍረት 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ 3 ሲቃረብ መለወጥ ይገባዋል። በጊዜው የለወጠ ሰው የሸራና የእጅ ዋጋ ይከፍላል። ጩኸቱን እየሰማ ዝም ያለ ግን ብረት ከብረት ተፋጭቶ ዲስኩ ይበላሽበታል፤ ሁለቱንም ይገዛል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

«ዋስትና አለኝ» ብሎ የሚተማመን ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ጉድለትና ማለቅ የተለያዩ ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጩን በዋስትና የሚያስጠይቀው በዕቃው ላይ ለተገኘ ጉድለት ነው። ሸራ ግን እየተበላ እንዲያገለግል የተሠራ ስለሆነ፥ በአገልግሎት ማለቁ ጉድለት አይባልም። በአሜሪካ በተጨማሪ ገንዘብ የሚሸጠው የተራዘመ ዋስትናም አብዛኛውን ጊዜ ሸራን አይሸፍንም። እንዲያውም በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው የዚያ አገር ሕግ እንዲህ ያለውን ወረቀት ከዋስትና ለይቶ የአገልግሎት ውል ይለዋል።

እንግዲህ ውል የሚፈርም ሰው የሚሸፈነውን ብቻ ሳይሆን የማይሸፈነውን ዝርዝር አስቀድሞ ያንብብ። ዋስትና ቢከፍል እንኳ የሚከፍለው ገንዘብ ነው፤ በዓባይ ቁልቁለት ላይ ሰውን የሚያተርፈው ግን በጊዜው የተለወጠ ሸራና የሾፌሩ ጥንቃቄ ነው።