የመናኸሪያ በር፦ ሳይመዘገብ የሚያልፍ አደጋ በጅማና በአካባቢዋ

ስለ መናኸሪያ ደኅንነት በሚደረጉ ውይይቶች ጎልተው የሚነሡት የአሽከርካሪ ሥነ ምግባርና ትርፍ መጫን ናቸው። ሁለቱም እውነተኛ ችግሮች ቢሆኑም ተሳፋሪው ገና ሳይሳፈር፣ እግረኛ ሳለ፣ የሚገጥመውን አደጋ አያሳዩም። ይህ አደጋ የሚበረታው ተሳፋሪው አውቶቡስ በሚጠብቅበት ግቢ ሳይሆን ከአስፋልቱ ወደ ግቢው በሚሻገርባቸው ጥቂት ሜትሮች፣ ማለትም በበሩ አፍ ላይ ነው።

ጅማ ለዚህ ጥያቄ ተስማሚ ምሳሌ ናት። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ ወደ አጋሮና በደሌ፣ ወደ ቦንጋና ሚዛን፣ እንዲሁም ወደ ወልቂጤ የሚወስዱ መንገዶች መገናኛ ናት። በቡና ለቀማ ወራት በተለመደው መንገደኛ ላይ ለቃሚዎችና ጆንያ የያዙ ነጋዴዎች ይጨመራሉ። አገር አቋራጭ አውቶቡስ የሚነሣው ማለዳ በመሆኑ ከጊንጆ ጉዱሩ ወይም ከሌላ ቀበሌ የሚመጣ ተሳፋሪ በሩ ላይ የሚደርሰው ሌሊት 11 ሰዓት አካባቢ፣ ገና ሳይነጋ ነው። ዝናብ በሚበዛበት በዚህ አካባቢ የመንገዱ ዳር ጭቃ ሲሆን እግረኛው ሳይወድ ወደ አስፋልቱ መሐል ይገፋል።

በዚህ ሰዓት በአንድ በር ላይ ሦስት እንቅስቃሴዎች ይቋረጣሉ። ከግቢው የሚወጣው አውቶቡስ ወደ አስፋልቱ ይታጠፋል፤ ባጃጁ ደንበኛውን በሩ ሥር ለማውረድ ድንገት ይቆማል፤ ተሳፋሪው ደግሞ የሚጠራውን ረዳት ድምፅ እየተከተለ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ ያነሣል። ከፍ ብሎ የተቀመጠው የአውቶቡስ አሽከርካሪ ከፊቱ ዝቅ ብሎ የቆመን ሕፃን ወይም ሻንጣውን ለማንሣት ያጎነበሰን ሰው ላያይ ይችላል። ፍጥነቱ አነስተኛ መሆኑ እዚህ ላይ ብዙም መጽናኛ አይሆንም፤ በዝግታ የሚሽከረከር የአውቶቡስ ጎማም ይገድላልና።

በሩ ፊት ያለው መንገድ በቀላል ስሌት ሊታይ ይችላል። 7 ሜትር ስፋት ያለውን አስፋልት በሰከንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ጎልማሳ በ6 ሰከንድ ገደማ ይሻገረዋል። ልጅ ያዘለች ወይም ጆንያ የተሸከመች ሴት ፍጥነቷ በሰከንድ 0.8 ሜትር ቢሆን 9 ሰከንድ ገደማ ያስፈልጋታል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሚኒባስ በመጀመሪያው ጊዜ ወደ 65 ሜትር፣ በሁለተኛው ወደ 97 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ ለአንዱ በቂ የሆነው ክፍተት ለሌላዋ አይበቃም፤ በጨለማ ደግሞ ከፊት መብራት ብቻ የተሽከርካሪን ርቀትና ፍጥነት መገመት ለማንም አስቸጋሪ ነው። ለባዶ እጅ ጎልማሳ የተለካ መሻገሪያ ለመናኸሪያ አይሆንም።

በግቢው ውስጥ ደግሞ ዋናው ሥጋት ኋላ ማርሽ ነው። አውቶቡሶች አፍንጫቸውን ወደ መሳፈሪያው አስገብተው ቆመው ለመውጣት ወደ ኋላ በሚሄዱበት አሠራር፣ የአሽከርካሪው ዓይን በረዳቱ ፉጨትና በጎን መስታወት ይተካል። በአንድ በር ገብቶ በሌላ የሚወጣ፣ ወደ ፊት ብቻ የሚነዳበት አቀማመጥ ይህን እንቅስቃሴ በአብዛኛው ያስቀራል። ለእግረኛ ብቻ የተለየ ሦስተኛ በር ቢጨመር የበሩ አፍ መጨናነቅም ይቃለላል። በበሩ ላይ የሚነግዱትን በደንብ አስከባሪ ማባረር ግን ብዙ ጊዜ ውጤቱ አጭር ነው፤ ገዢው በዚያ እስካለፈ ድረስ ሻጩ ይመለሳል። የሚሻለው በእግረኛው በር አጠገብ፣ ጎማ በማይደርስበት ስፍራ ቦታ መስጠት ነው።

እንዲህ ያለ ለውጥ ለማሳመን መረጃ ይጠይቃል፤ መረጃው ግን ጎዶሎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመንገድ ደኅንነት ሪፖርት ለኢትዮጵያ በይፋ የተመዘገበው ዓመታዊ የሞት ቁጥር 4,352 ሲሆን የድርጅቱ ግምት ግን ከ27,000 በላይ ነበር። ሞት እንኳ በዚህ መጠን ከተሰወረ፣ በመናኸሪያ በር ላይ የተረገጠ እግርና የተሰበረ ክንድ መዝገብ ላይ ይገኛል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ስለዚህ ተመራማሪው አደጋው እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪዎች የተጀመረው፣ በኋላም በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ የተሻሻለው የትራፊክ ግጭት ምልከታ፣ ለጥቂት የተረፉ ግጭቶችን ይቆጥራል፦ ድንገት የተያዘ ፍሬን፣ ወደ ኋላ የዘለለ እግረኛ፣ መሪውን ያጠማዘዘ ባጃጅ። ሁለት የሠለጠኑ ታዛቢዎች፣ ሰዓትና የምልከታ ቅጽ ለመጀመር ይበቃሉ። ታዛቢዎቹ የየራሳቸውን ቆጠራ አድርገው ልዩነታቸውን መለካት አለባቸው፤ አለዚያ ቁጥሩ የአንድ ሰው ድንጋጤ ብቻ ይሆናል።

መፍትሔውንም በኮንክሪት ከመሥራት በፊት መሞከር ይቻላል። በአዲስ አበባ የለገሃር መስቀለኛ መንገድ በቀለም፣ በድንጋይና በአበባ ማስቀመጫዎች ለጊዜው ጠብቦ የእግረኛው መሻገሪያ እንዲያጥር ተደርጎ ነበር። በጅማም ሆነ በአጋሮ ተመሳሳይ ሙከራ በአንድ በር ላይ ቢካሄድ፣ ቆጠራው ከሙከራው በፊትና በኋላ በተመሳሳይ ሰዓቶች መደረግ ይኖርበታል፦ በገበያ ቀንና በሌላ ቀን፣ በክረምትና በለቀማ ወራት። ለቢሮ ሰዓት የሚመች የቀን ምልከታ ብቻውን አይበቃም፤ ታዛቢው ከተሳፋሪው ቀድሞ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በሩ ላይ መገኘት አለበት።