ጉድለት ያለበት አዲስ መኪና የገዛ ነጋዴ ምን ማድረግ ይገባዋል?

በቃሊቲ የማገለግላቸው ነጋዴ የገዙት አዲስ የጭነት መኪና ማርሹ በሳምንቱ አልገባ አለ። ሻጩም «ነገ ይሠራልዎታል» እያለ ወራት አሳለፈ። እኛም በቃል ብቻ እንመላለስ ስለ ነበር፣ ነገሩ ወደ ክርክር ሲደርስ ጉድለቱን መቼ እንዳስታወቅን የሚያስረዳ አንዲት ወረቀት አልተገኘም። ሌሎች ነጋዴዎች እንዲማሩበት ሕጉን ባጭሩ እንመልከት።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ለመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ነገር ግን ሸማች የሚባለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ ሰው ነው። ለንግድ ሥራው የጭነት መኪና የገዛ ነጋዴ መከታው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ይኸውም በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል።

ስለዚህ ገዢው የሚከተሉትን ይፈጽም፦

1ኛ፤ መኪናውን እንደ ተረከበ ሳይዘገይ ይመርምር።
2ኛ፤ ጉድለቱን እንዳገኘ ወዲያው ዓይነቱን ገልጾ ለሻጩ ያስታውቅ። ይህንንም በደብዳቤ አድርጎ፣ በግልባጩ ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን ያስቀር።
3ኛ፤ ሻጩ ሳያየው መኪናውን በሌላ ጋራዥ አያስፈታ።
4ኛ፤ ሻጩ እሺ ካላለ፣ ካስታወቀበት ቀን አንሥቶ አንድ ዓመት ሳያልፍ ክስ ያቅርብ።

በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።