ጂኦግራፊ ለገበሬ፤ ማሳችሁ የት ነው?

ጂኦግራፊ ማለት ስለ ምድርና በላይዋ ስለሚኖረው ሰው የሚያስተምር ዕውቀት ነው። ብዙ ሰዎች ይህ ዕውቀት በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ ብቻ የሚገኝ ይመስላቸዋል። ነገር ግን የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬ፣ የደንበጫ ወይም የወንበርማ ገበሬ «ይህ ቆላ ነው፤ ያ ደጋ ነው፤ ጎርፉ በዚህ ይወርዳል» ብሎ ሲናገር ጂኦግራፊ መናገሩ ነው። የጎደለው ነገር ቢኖር ቃሉን ከምክንያቱ ጋር ማያያዝ ነው። ምክንያቱን ያወቀ ገበሬ ዘር ሲመርጥም ሆነ እርከን ሲሠራ በግምት አይሄድም።

ትምህርቱ በሁለት ይከፈላል። ስለ መሬት ከፍታ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ወንዝና ስለ አፈር የሚናገረው የተፈጥሮ ጂኦግራፊ ሲባል፣ ስለ ሕዝብ ብዛት፣ ስለ መንደር፣ ስለ መንገድና ስለ ገበያ የሚናገረው የሰው ጂኦግራፊ ይባላል። ዋና ዋናዎቹን ቃላት ከዚህ በታች በተራ እንመለከታለን።

1. ኬክሮስና ኬንትሮስ

የአንድን ቦታ አድራሻ ለይቶ ለማወቅ ምድር በሐሳብ መስመሮች ተከፋፍላለች። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለው ርቀት በኬክሮስ ይለካል፤ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ያለው ደግሞ በኬንትሮስ ይለካል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ሁለቱም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ10 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ገደማ ይገኛሉ። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከምድር ወገብ የሚርቁት 1,190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

በዚህ ኬክሮስ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ 10 ቀን ገደማና በነሐሴ 19 ቀን ገደማ፣ በቀትር ከአናታችን በላይ ትሆናለች። በሁለቱ ቀኖች መካከል በስተ ሰሜናችን ስለምታልፍ፣ በሰኔ ወር በቀትር የቆመ እንጨት ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በታኅሣሥ ግን ወደ ሰሜን ይወድቃል። አንድ ችካል ተክላችሁ ብትመለከቱት ታገኙታላችሁ። የዝናብ ቀበቶም ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ስለሚመጣ፣ የክረምታችን መነሻ ይኸው የፀሐይ ጉዞ ነው።

2. ከፍታ

የአንድ ቦታ ከፍታ የሚለካው ከባሕር ወለል ጀምሮ ነው። አገራችን በከፍታዋ ስትከፈል ከ500 እስከ 1,500 ሜትር ያለው ቆላ፣ ከ1,500 እስከ 2,300 ያለው ወይና ደጋ፣ ከ2,300 እስከ 3,200 ያለው ደጋ፣ ከዚያ በላይ ያለው ውርጭ ይባላል። ፍኖተ ሰላም በ1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ በ2,100 ሜትር ገደማ ስለሚገኙ ሁለቱም ወይና ደጋ ናቸው። ወደ አባይ ሸለቆ ሲወረድ ቆላው ይመጣል፤ ወደ ሰከላና ወደ ደጋ ዳሞት ሲወጣ ደጋው ይገኛል።

ደንቡ እንዲህ ነው፤ በየ100 ሜትሩ በወጣን ቁጥር የአየሩ ሙቀት በ0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ኬክሮስ ላይ ያሉት ቡሬና ፍኖተ ሰላም በከፍታ ብቻ ከአንድ ዲግሪ በላይ ይለያያሉ። ብርድ በበዛበት ቦታ ሰብል ቀስ ብሎ ይደርሳል። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በጊዜው የሚደርስ የበቆሎ ዝርያ 500 ሜትር ከፍ ብሎ ቢዘራ ሊዘገይና ብርድ ሊመታው ይችላል። ስለዚህ ዘር ስትገዙ «ምርቱ ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ለስንት ሜትር ከፍታ ነው? በስንት ቀን ይደርሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ደግሞም ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ በሌሊት ወደ ጎድጓዳ ስፍራ ይወርዳል፤ በደጋ ያላችሁ ዘግይቶ የሚደርስ ባቄላና ድንች በጎድጓዳ አትዝሩ።

ከፍታ የሰውንም ጤና ይነካል። ወባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ያለ በሽታ ነው። ነገር ግን ሙቀትና ዝናብ ሲጨምር ወደ ላይ ይወጣል። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በአገራችን የተነሣው ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር የሚኖረውን ሕዝብ አጥቅቶ 150,000 ያህል ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። ስለዚህ ለአረም ወይም ለአጨዳ ወደ ቆላ የምትወርዱ ሁሉ አጎበር ይዛችሁ ውረዱ፤ ስትመለሱ ትኩሳት ከያዛችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ተመርመሩ።

3. የአየር ሁኔታና የአየር ንብረት

እነዚህ ሁለት ቃላት አንድ አይደሉም። የዛሬው ዝናብ፣ የትናንቱ በረዶ የአየር ሁኔታ ነው። የብዙ ዓመታት፣ በተለመደው አቆጣጠር የ30 ዓመት አማካይ ግን የአየር ንብረት ይባላል። አንድ ዓመት ዝናብ ቢዘገይ የአየር ሁኔታ ነው፤ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ለውጥ ከሆነ የአየር ንብረት ተለወጠ ይባላል።

ዝናብ በሚሊ ሜትር ይለካል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። በአንድ ሄክታር ላይ 10,000 ሊትር ይሆናል። እንግዲህ በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ በአንድ ሄክታር ማሳችሁ ላይ 300,000 ሊትር ውሃ ፈሰሰ። ይህ ውሃ ወይ ወደ መሬት ይሰርጋል፣ ወይ አፈራችሁን ይዞ ይሄዳል።

4. ተፋሰስ

ተፋሰስ ማለት የወረደው ዝናብ ሁሉ ተሰብስቦ ወደ አንድ መውጫ የሚፈስበት የመሬት ክልል ነው። ወሰኑም ውሃው ወዲያና ወዲህ የሚለያይበት የኮረብታ ጫፍ ነው። ትልቁ ምሳሌ በእጃችን ነው። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ሄዶ ጣና ይገባል፤ ከጣናም ወጥቶ ጎጃምን ዞሮ ይመጣል። ከዚያው ከፍተኛ ምድር በስተ ደቡብ የሚወርደው ውሃ ግን በብርና በፈጠም ወንዞች አድርጎ በቀጥታ ወደ ዓባይ ይወርዳል። በአንድ ጫፍ ላይ የወደቁ ሁለት ጠብታዎች መንገዳቸው እንዲህ ይለያያል።

በአንድ ኮረብታ ላይ ያሉ ገበሬዎችም ነገር እንዲሁ ነው። የተፋሰስ ወሰን የቀበሌ ወሰን አይደለም፤ የማሳ ድንበርም አይደለም። የላይኛው ገበሬ ለማሳው ደኅንነት ብሎ ያወጣው ፈሰስ በጎረቤቱ ድንበር ላይ ሲለቀቅ፣ በሁለትና በሦስት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። ቦረቦሩም ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ላይ እየቆረጠ ስለሚሄድ፣ መጨረሻው የላይኛውንም ማሳ መብላት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መደረግ ያለበት እርከን መቆፈር ሳይሆን ውሃው በየት እንደሚወርድ አንድ ላይ መስማማት ነው።

በደንበጫ ወረዳ የምትገኘው የአንጀኒ ተፋሰስ ለዚህ ትምህርት ትሆናለች። በ1976 ዓ.ም. በዚያ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ። በ1978 ዓ.ም. በ113 ሄክታር ተፋሰስ ውስጥ ፋንያ ጁ የሚባለው፣ አፈሩ ከቦዩ ወደ ላይ እየተጣለ የሚሠራው እርከን ተሠራ። ከዓመት ወደ ዓመት ከላይ የሚመጣው አፈር በእርከኑ እየተያዘ ዳገቱ ደረጃ ደረጃ ያለው ማሳ ወደ መሆን ሄደ። ይሁን እንጂ እርከን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ላይጨምር ይችላል፤ ቦታ ይወስዳል፤ ውሃም ሊያቁር ይችላል። በእርከኑ ላይ የከብት መኖ ሣር መትከል የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው፤ የተወሰደው ቦታ ሳይባክን መኖ ያወጣል።

5. አፈር

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ቀይ አፈር ብዙ ነው። ቀይ አፈር ጥልቅና ውሃ አስራጊ ስለሆነ ለበቆሎና ለበርበሬ ይስማማል። ነገር ግን ብዙ ዝናብ ለብዙ ዘመን ካልሲየምንና ማግኒዥየምን እያጠበ ስለወሰደ፣ አገዳውና ገለባውም ከማሳ ስለሚነሣ፣ አፈሩ አሲዳማ ይሆናል። በአሲዳማ አፈር የተጨመረው የፎስፈረስ ማዳበሪያ በአፈሩ ይታሰርና ሰብሉ አያገኘውም። የገበሬው ገንዘብ በመሬት ውስጥ ይቀራል ማለት ነው። መድኃኒቱ አፈርን አስመርምሮ በታዘዘው መጠን ኖራ መጨመር ነው፤ ይኸውም ከመዝራት ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ በትኖ ከአፈር ጋር በእርሻ ማዋሃድ ነው። ኮምፖስትም ያግዛል።

አፈር ምን ያህል እንደሚጠፋ ለማወቅ ይህን አስሉ። ከአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ቢጠረግ ዓይን አያየውም። ክብደቱ ግን 120 ኩንታል ያህል ነው።

6. የሕዝብ ጥግግት

የሕዝብ ጥግግት ማለት በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የሚኖረው ሰው ቁጥር ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ምዕራብ ጎጃም በዚያን ጊዜ ወሰኑ ከ2 ሚሊዮን 100 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው፤ ጥግግቱም 158 ያህል ሰው ነበር። ይህ ቁጥር ግን ገደሉን፣ ደኑንና መንገዱንም ጨምሮ ነው። ለገበሬ የሚበልጠው በሚታረስ መሬት ላይ ያለው ጥግግት ነው።

ለምሳሌ 600 ሄክታር የሚታረስ መሬትና 3,000 ሰው ያለበት ቀበሌ እንውሰድ። ለአንድ ሄክታር 5 ሰው ይደርሳል። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ አንድ ሄክታር፣ ማለትም አራት ጥማድ ያህል አለው። አባትየው ለአራት ልጆች ቢያካፍል ለእያንዳንዱ አንድ ጥማድ ይደርሳል። ሰው ይወልዳል፤ መሬት ግን አይወልድም። ስለዚህ ያ አንድ ጥማድ ከነአፈሩ መድረሱ ወይም ድንጋዩ ብቻ መቅረቱ ዛሬ በእናንተ እጅ ነው።

7. መንገድና ገበያ

የሰው መኖሪያ የሚያድገው በመሬቱ ብቻ አይደለም፤ ከሌላው ቦታ ጋር ባለው መገናኛም ነው። ቡሬ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መንገድና ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ የሚወርደው መንገድ የሚገናኙባት ናት። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክም በዚያ ይገኛል። ገበሬዎች በማኅበር ሆነው ምርታቸውን በጥራት ለይተው ቢያቀርቡ ከመንገዱ ይበልጥ ይጠቀማሉ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

የልማት ጣቢያ ሠራተኞች እነዚህን ጥያቄዎች በቤት ውስጥ ሳይሆን ገበሬዎችን ይዘው ከኮረብታ ላይ ወጥተው ቢያወያዩ ይሻላል።

ሀ. የቀበሌያችሁ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ቦታ ስንት ሜትር ነው? የምትዘሩት ዘር ለየትኛው ይስማማል?

ለ. ከቆማችሁበት ሆናችሁ የተፋሰሱን ወሰን በጣታችሁ አሳዩ። ከማሳችሁ የሚወጣው ውሃ በማን ማሳ ያልፋል? ከላይስ የማን ውሃ ይመጣባችኋል?

ሐ. በመንደራችሁ የተጀመረ ቦረቦር አለ? ጫፉ ከክረምት በፊት ስንት እርምጃ ነበር? ከክረምት በኋላስ? ችካል ተክላችሁ ለኩ።

መ. የላይኛውና የታችኛው ገበሬ በውሃ መውረጃው ላይ ተስማምተዋል? ካልተስማሙ በጥርና በየካቲት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሽማግሌ አስቀምጡና ተስማሙ፤ ሥራውንም በወንፈልና በደቦ ጨርሱት።