ሁለተኛ ዲግሪ ለምትጀምር መምህርት

ልጄ፣ በሥርዓተ ትምህርትና ማስተማር ማስተርስ ልትጀምሪ መሆኑን ሰማሁ። ጡረተኛ መምህር ዝም ማለት አይሆንለትምና ከመካነ ኢየሱስ ሆኜ የሚታየኝን ልንገርሽ።

1. ዩኒቨርሲቲ ከመምረጥሽ በፊት ጥያቄ ያዢ። ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ፊደል የማይለይ ልጅ ክፍልሽ ውስጥ አለ አይደል? ችግሩ ከየት ጀመረ? ከመጽሐፉ? ከአንደኛ ክፍል አስተማሪው? በአጨዳ ከቀረባቸው ሳምንታት? ወይስ በጦርነት ትምህርት ቤቱ ከተዘጋበት ጊዜ? ይህን ሳትይዢ ከሄድሽ አማካሪሽ የራሱን ርዕስ ይሰጥሻል፤ አለዚያም የሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ የወረዳ ስም ትቀይሪያለሽ። እንዲህ ያለው በየመደርደሪያው ሞልቷል።

2. በክረምት ተማሪ፤ ደመወዝሽም ክፍልሽም ከእጅሽ አይወጡም።

3. ራልፍ ታይለርን ማንበብሽ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ቀጭን መጽሐፍ አራት ነገር ይጠይቃል፦ ትምህርት ቤቱ ምን ሊያሳካ ነው የቆመው? ለዚያ የሚያበቃው የትኛው ልምምድ ነው? ልምምዱ እንዴት ይደራጅ? መድረሱስ በምን ይታወቅ? አጥኚው። ግን እነዚሁን ጥያቄዎች ይዘሽ የጋይንት ቤተልሔምን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ጉባኤ ቤት እዪ። ድጓ ሌላ ቦታ የተማረ ሰው የሚያስመሰክረው እዚያ ነው። በቀድሞው ልማድ ተማሪው መጽሐፉን በገዛ እጁ ይጽፋል፤ የቀደመው የኋለኛውን ያስቀጽላል፤ ያልያዘውን ይዟል ብሎ የሚያሳልፍ ደወልም ዓመትም የለም። እኛ ግን ሰኔ በመጣ ቁጥር ልጁን እናሳልፈዋለን። ሁሉን እንመልስ አልልሽም። ዱላው ይቅር፤ እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ የቅኔ መምህርት ቢነሡም ጉባኤው ለሴት ልጅ ጠባብ ነበር። አማካሪሽ ይህ ከታይለር ጋር ምን አገናኘው ቢልሽ ተከራከሪው።

4. ሥርዓተ ትምህርት አዲስ አበባ ተሠርቶ የሚላክ ብቻ አይምሰልሽ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃውን ለክልሎች ሰጥቷል፤ ስለዚህ የምታስተምሪበት መጽሐፍ የባሕር ዳሩ ትምህርት ቢሮ ጉዳይ ነው። እዚያው ባሕር ዳር በ1965 ዓ.ም. የተከፈተው የፔዳጎጂ አካዳሚም የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ከገጠር ኑሮ ጋር ለማስማማት የታሰበ ነበር። አሳቡ ዛሬም አላረጀም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሥራ ላይ የዋለውን አዲሱን ሥርዓተ ትምህርት በዚያ ዓይን መርምሪው፦ የእኛው የእስቴ ልጅ ከገብስ ማሳው የሚያውቀው ነገር የትኛው ምዕራፍ ውስጥ ገብቷል?

5. ብዙዎች ተመርቀው ጠመኔውን ጥለው የቢሮ ወንበር ይፈልጋሉ። ደመወዙን ስለማውቀው አልወቅሳቸውም። አንቺ ግን ቢያንስ ጥቂት ዓመት ክፍል ውስጥ ቆዪ፤ የተማርሽው የሚፈተነው እዚያ ነው።

6. ቴሲስሽን በእንግሊዝኛ ትጽፊያለሽ፤ አንባቢውም መርማሪሽ ብቻ ይሆናል። ውጤቱን በሁለት ገጽ አማርኛ ጻፊና በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) ሰዓት ለጉድኝት ትምህርት ቤቶቹ መምህራን አንብቢላቸው። አይሆንም የሚልሽን መምህር ስሙን ያዢ፤ በማግሥቱ ክፍሉ ገብተሽ ሲያስተምር ተመልከቺ።